ከሰልፍ ያወጣኋት ልጅ

በዕድሜዬ ሦስት የነፍስ አባት ይዣለሁ። ሁለቱን ሞት ወሰዳቸው፤ ሦስተኛው በዕድሜ ከእኔ የሚያንሱ ትዕግሥተኛ ቄስ ናቸው። ለሦስቱም ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ከወንድሜ ጋር በድንበር ተካሰን ስንት ዓመት መኳረፋችንን ሁሉ ነግሬያቸው ቀኖናዬን ተቀብዬ ሰግጃለሁ። ይህን አንድ ነገር ግን ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ተንበርክኬ ምላሴ ጫፍ አድርሼ መልሼ የዋጥኩት ስንቴ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን ለእርስዎ፣ ለማያውቁኝ አንባቢ፣ ልናገር ነው። ለማያውቁት ሰው መናዘዝ ይቀላል፤ ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑ አይጠፋኝም።

በደርግ ዘመን ወረታ ላይ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበርኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ነጭ የሸራ ጫማዬን በኖራ አሳምሬ ከተማውን ሳቋርጥ ሰው ሁሉ እኔን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። እንዲያው ባጭሩ፣ ራሴን በጣም የምወድ ሰው ነበርኩ።

ውባለምን ያወቅኋት ስድስተኛ ክፍል ሳለች ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቷ መሪጌታ ዘለቀ በቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ድጓ የሚያስተምሩ፣ በድምፃቸው የተመሰገኑ ሰው ነበሩ። እናቷ በወሊድ ስለሞተችባት የአባቷ እህት እትዬ ብርቄ ወደ ወረታ አምጥተው አሳደጓት። እትዬ ብርቄ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ልጅ አልወለዱም። ቅቤውንም፣ እርጎውንም፣ ፍቅሩንም ያፈሰሱት በዚያች ልጅ ላይ ነው።

ልጅቷ ከመጠን በላይ ወፍራም ነበረች። አገሩ ሁሉ ስለ ረሃብ በሚያወራበት ጊዜ ስለ ውፍረት የሚጨነቅ ማን ነው? በእኛ ዘንድ የወፈረ ልጅ ያለበት ቤት ይመረቃል እንጂ አይታዘንለትም። እትዬ ብርቄ የሚፈሩት የሰው ዓይን ብቻ ነበር። ልጄን ዓይን ይበላብኛል እያሉ ከትምህርት ቤት በቀር ከግቢ አያስወጧትም። ከልጆች ጋር አትጫወትም፣ ውሃ አትቀዳም፣ ወፍጮ ቤት አትላክም። አንገቷ ዙሪያ ያልታጠበ የሚመስል ጥቁረት ነበረባት፤ እትዬ ብርቄ በሳሙና ፈትገው ፈትገው አልለቅ ብሏቸዋል። ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፤ በየክፍለ ጊዜው እጇን አውጥታ ለሽንት ታስፈቅዳለች፤ ልጆቹም ይስቁባታል።

ነገሩን የደረሰበት ጓደኛዬ ካሳዬ ነው፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር። እግሯ ቆስሎ ወስደዋት ሳለ የሽንቷ ነገር አጠራጥሮት መረመራት። ሽንቱን ከአንድ ሰማያዊ መድኃኒት ጋር በብርጭቆ ቱቦ አድርጎ በእሳት ሲያፈላው፣ ስኳር ከሌለበት ሰማያዊነቱ እንዳለ ይቆያል፤ ጥቂት ካለበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ብዙ ከሆነ እንደ ሸክላ ይቀላል። የውባለም ቀላ። ሆስፒታል ልኳት ያያት ሐኪም መርፌ ለጊዜው አያስፈልጋትም፣ ውፍረቱ ያመጣባት ነው አለ። በየቀኑ ሳታቋርጥ ሰውነቷ ይንቀሳቀስ፣ ቅባትና ጣፋጭ ይቀነስላት፣ የውሃ ጥሙ ከባሰባት ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት ብሎ መለሳት።

በየቀኑ የሚያንቀሳቅሳት ደግሞ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ካሳዬ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለመነኝ። እኔና እሱ ሆነን እትዬ ብርቄን ስናግባባ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። በመጨረሻ መሪጌታ ከቁሐር መጥተው ይሁን ስላሉ እሳቸውም እያለቀሱ እሺ አሉ። ክታብ አሠርተው ልብሷ ውስጥ ሰፉላት።

ኅዳር ላይ፣ የሜዳው ውሃ ሸሽቶ መሬቱ ሲጠነክር ጀመርን። ጠዋት ጠዋት ደወል ሳይደወል እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላዬ። መጀመሪያ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞራ ቁጭ አለች። በሳምንቱ ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ ሲያልቅ በእርምጃና በሶምሶማ እያቀላቀለች ስድስት ጊዜ ትዞር ነበር። ትንፋሽ ሲያጥራት የአባቷን ዜማ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ዜማው ሳያልቅ አልቆምም ትለኝ ነበር፤ የድጓ ዜማ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሰለቻቸው፣ ከዚያ አንዳንዶቹ አብረዋት መሮጥ ጀመሩ።

ሦስት ወር ሙሉ ስንደክም አንድ ነገር ያበሳጨኝ ነበር። ልጅቷ አልከሳችም። ቀሚሷ እንደበፊቱ ይወጠራል፣ ጉንጯም ያው ነው። ድካሜ ሜዳ ቀረ ብዬ ካሳዬ ዘንድ ሄድኩና ተማረርኩ። እሱ መልስ ሳይሰጠኝ ቱቦውን አውጥቶ አሳየኝ። አረንጓዴ ነበር፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ።

«ሆዷን አትመልከት፤ ይችን ተመልከት» አለኝ። «ሥጋዋ ሳይቀንስ ደሟ እየጠራ ነው። ይህን ያደረገው ሩጫው ነው። ብታቋርጥባት ይመለሳል።»

በዚያው ሰሞን ውባለም ራሷ ጠዋት ወደ እኔ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ትናንት ሳልነሳ አደርኩ» አለችኝ። ለሽንትም ለውሃም ሳትነሳ ማለቷ ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ሰውን እንዲያ ሲያስደስተው አይቼ አላውቅም። ይህን የምነግርዎ ኋላ አላወቀም ነበር እንዳይሉኝ ነው። አውቅ ነበር። አረንጓዴውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከአፏም ሰምቻለሁ።

መጋቢት ላይ የሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ የወዛደሮች ቀን፣ ዝግጅት መጣ። ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል፣ የስድስተኛ ክፍል ሴቶች የጅምናስቲክ ትርኢት ያሳያሉ ተባለ፤ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። እንግዳው ጎበዝ አስተማሪ መርጦ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ለስልጠና እንደሚልክ ዳይሬክተሩ በጆሮዬ ነገረኝ። ከዚያች ቀን በኋላ እንቅልፍ የለኝም። የማስበው ስለ ረድፉ ብቻ ሆነ። እጆች እኩል ሲነሱ፣ ጉልበቶች እኩል ሲታጠፉ፣ መስመሩ ምንም ሳይጎረብጥ ሲዞር በሕልሜ አየው ነበር። ውባለም ደግሞ በሁለተኛው ረድፍ መካከል ናት። አንድም ቀን አልተሳሳተችም፤ እንዲያውም ከብዙዎቹ ይልቅ ምቱን የምትጠብቅ እሷ ነበረች። ብቻ ወፍራም ናት። መስመሬን ታበላሽብኛለች ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ አላሳምረውም።

የትንሣኤ ሰሞን አንድ ጠዋት ፊሽካዬን ነፍቼ ልምምዱን አቆምኩና፣ «ውባለም፣ አንች ውጭ» አልኳት። ወጥታ ልምምዱ እስኪያልቅ ጠርዝ ላይ ቆመች። ሲያልቅ መጣችና፣ «ጋሼ፣ እንግዲያ ለብቻዬ ልሩጥ? ከኋላ ሁኜ፣ ማንንም አልረብሽም» አለችኝ። እኔም ሰልፉ እስኪያልፍ ቤትሽ ቆይ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ደብተሯን አንስታ ሄደች።

ለምን አልፈቀድኩላትም? እስኪ ይጠይቁኝ። ከታመመ በቀር ከሰልፍ የሚቀር ተማሪ የለም የሚል ትእዛዝ ስለነበረ ነው። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ሜዳ ላይ ስትሮጥ ብትታይ፣ ለምን ከሰልፉ ቀረች ተብዬ መጠየቄ ነው። ስለዚህ መታመም ነበረባት። በሩጫ የዳነችውን ልጅ እኔው በአፌ አሳመምኳት።

በሚቀጥለው እሑድ ቁሐር ሚካኤል ሄድኩ። መሪጌታ ከቅዳሴ ወጥተው ከዋርካው ጥላ ሥር አረፍ ብለው ነበር። ሩጫው የልጅዎን ልብ እየጎዳባት ነው አልኳቸው። ካሳዬም በዚህ ይስማማል አልኩ። ካሳዬ ያኔ ለክትባት ገጠር ወጥቶ ነበር፤ እስከ ግንቦትም አይመለስም፤ ይህን አውቄ ነው ስሙን የጠራሁት። ከሩጫ ይልቅ ወንዛዬ ፍልውሃ ሦስት አራት ሳምንት ብትቀመጥ ውፍረቱን ያቀልጥላታል፣ ከትምህርት ቤቱም እኔ አስፈቅድላታለሁ አልኳቸው። ሰው ለቁርጥማትም፣ ለቆዳም ወንዛዬ ስለሚሄድ ነገሩ እንግዳ አልሆነባቸውም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ።

«እኔ የማውቀው ድጓውን ነው፤ የሥጋውን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ። «ደክመህላታል፣ ልጄ። አንተ ካልክ ይሁን።»

እጃቸውን ስሜ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ቅር ያለኝ ነገር አልነበረም። ቅር ብሎኝ ነበር ብልዎ ደስ ባለኝ።

እትዬ ብርቄ ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ልጅቷን ይዘው ወረዱ። በእኛ አገር ፍልውሃ የሚገባ ሰው ላቡ ስለሚወጣ እንዳይደክም ማርና ቅቤ ተበጥብጦ ይሰጠዋል። እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ይህን የማላውቅ አይደለሁም። ግን አትስጧት አላልኩም፤ ትዝም አላለኝ። ጠዋትና ማታ የሚፋጅ ውሃ ውስጥ ተቀመጠች፤ ስትወጣ ማር በቅቤ ጠጣች፤ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች። ያ ሁሉ የጠዋት ድካም በጥቂት ሳምንት ሲናድ እኔ ሜዳዬ ላይ ቆሜ ፊሽካ እነፋለሁ።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ከወንዛዬ የመጣች አንዲት ሴት ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ የእትዬ ብርቄን መልእክት ነገረችኝ። «ልጄ እየከሳችልኝ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» ብለው ልከዋታል።

እኔም ደስ አለኝ። ይስሙኝ፤ ደስ አለኝ። ውሸቴ እውነት ሆነልኝ ብዬ ተገረምኩ። ሦስት ወር አስሩጬያት ያልከሳች ልጅ በአሥራ አምስት ቀን ስትከሳ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሆዷን አትመልከት የተባልኩት እኔ ነኝ። ውሃ አብዝታ ትጠጣለች ወይ? ሌሊት ትነሳለች ወይ? ሁለት ጥያቄ ነው። ሴትዮዋ ፊቴ ቆማ ነበር፤ ከዚያው የመጣች፣ ከጎናቸው የሰነበተች። አልጠየቅኋትም። እሰየው ብዬ ሸኘኋት።

ሰልፉ አማረ። መስመሩ እንደተመኘሁት ሆነ። ከአውራጃ የመጣው እንግዳ ከትርኢቱ በኋላ ዳይሬክተሩን እየጨበጠ፣ ልጆቹ ጥሩ ሠርተዋል፣ ብቻ ከሲታ ናቸው፣ ደህና አይበሉም እንዴ፣ ብሎ ሳቀ። ሁላችንም አብረን ሳቅን። ውባለምን አስወጣ ያለኝ ካድሬ አልነበረም። ብትኖር ኖሮ ያ ሰውዬ እሷን አይቶ ደስ ሳይለው አይቀርም ነበር።

ሰልፉ ባለፈ በአራተኛው ቀን ወንዛዬ ላይ ውባለም ራሷን ሳተች። ለሦስት ቀን ውሃ ውሃ ስትል፣ የጠጣችውን ስታስመልስ ከርማለች አሉ። ዋሽ ዋሽ የሚል ረጅም ትንፋሽ ትተነፍስ ነበር አሉ። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ለማግኘት ሐሙሲት አደረሷት። መንገድ ዳር በአንድ ቤት ጥላ ሥር አስቀምጠዋት መኪና ሲጠብቁ አረፈች።

የተቀበረችው ቁሐር ሚካኤል ነው። ሬሳውን ሳይ በጣም ከስታ ነበር። ወዳጆች የሞተ ተጎዳ እያሉ መሪጌታን ያጽናናሉ። እኔም ተራዬን ጠብቄ ቀረብኩ። መሪጌታ ትከሻዬን ይዘው ለሰው ሁሉ፣ ይህ ልጅ ለልጄ ብዙ ደክሟል፣ አባት የሚያደርገውን አደረገላት ብለው ተናገሩ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ግን አልዋጠችኝም፤ እኔም እንባዬን አብሼ ከአስተማሪዎቹ ጋር ተቀመጥኩ።

ካሳዬ በሳምንቱ ተመለሰ። ሰምቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ማነው ወንዛዬ የላካት?» አለኝ።

«ቤተሰቦቿ ናቸው» አልኩት።

አመነኝ። ጓደኛዬ ነበር፣ ለምን አያምነኝም? ከእኔ ወጥቶ ለቅሶ ቤት ሄደና እትዬ ብርቄን እዚያ ምን ትመገብ እንደነበር ጠየቃቸው። ማር በቅቤ አሉት። ካሳዬ ንዴቱን መቆጣጠር አልቻለም። ለዚች ልጅ ማር መርዝ እንደነበረ፣ በገዛ እጃቸው እንዳጠጧት በሰው ፊት ነገራቸው። እትዬ ብርቄ ስሜን አላነሱም። የመምህሩ ምክር መልካም ነበር፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብለው አምነዋልና። እኔ እዚያው ቤት፣ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ጉሮሮዬን እንኳ አልጠራረግሁም።

በዚያው ክረምት ለስልጠና ተመርጬ አዲስ አበባ ሄድኩ። ካሳዬ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እትዬ ብርቄ ቅቤ መነገዱን ተዉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማር በአፋቸው አልዞረም፤ ስእለት ነው ይላሉ ለጠየቃቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ ግን እያደር ደፈረሰ። ሥርዓቱ ወደቀ፣ እኔም ከስልጠናው ተመልሼ እዚሁ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ያ ዘመን ሲነሳ ሁሉም ሰው በደሉን በደርግ ላይ ሲያራግፍ እሰማለሁ፤ እኔም አንዳንዴ ያምረኛል። አልችልም። ደርግ ውባለምን አያውቃትም። ልጅነት ነው፣ ሃያ አራት ዓመት ምን ያውቃል እንዳይሉኝ ደግሞ፣ የሚከተለውን ልንገርዎ።

መሪጌታ ካረፉ ቆይተዋል። እትዬ ብርቄ ግን አሉ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ቢደክምም ልባቸው ንጹሕ ነው። ባለፈው ዓመት በዓለ ሃምሳ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ።

«መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። «ያ ማር ባይሆን ኖሮ ልጄ ትድን ነበር፣ አይደል?»

እንዴት ያለ ቀን ነበር! አጠገባችን ማንም አልነበረም። ካድሬ የለ፣ ሰልፍ የለ፣ የምመረጥበት ስልጠና የለ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነኝ፤ ማንን እፈራለሁ? ማሩ አይደለም፣ እትዬ፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ከሩጫዋ ያስቆምኳት እኔ ነኝ፣ ወንዛዬ ያስላክኋት እኔ ነኝ፣ በወንድምዎ ፊት የዋሸሁ እኔ ነኝ።

«እግዜር ያውቃል» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ክንዴን ለቀው፣ መሬቱን በምርኩዛቸው እየነካኩ ሄዱ። እኔም ቆሜ አየኋቸው።

እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ እንዳልልዎ፣ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ውባለምን ልጠይቅ ብል የለችም፤ አባቷንም ልጠይቅ ብል የሉም። የምጠይቃቸው አንድ ሰው ቀርተውኛል፤ ቤታቸው ከእኔ ቤት ሁለት መንደር አያልፍም። ይህን መጻፍ ስጀምር ጨርሼ ስነሳ ወደ እሳቸው የምሄድ መስሎኝ ነበር። ጨርሻለሁ። ቀኑ ገና ነው፣ በሬም ክፍት ነው፣ እግሬም ደህና ነው፤ ግን አልተነሳሁም።